በጉምቦ እንግዳው ማን ነው?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከየሃይማኖቱ አንዳንድ ተናጋሪ እንዲቀርብ ሲወስን ለእኛ የደረሰን ርእስ «መንፈሳዊ እድገትና ሁሉን የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ የተሰጠን ጊዜ ግን ሃያ ደቂቃ ነው። ስለ ማኅበራችን በጎ ሥራ ከእኛ በፊት የተነሡት ተናጋሪዎች በሚገባ ስለ ተናገሩ፣ እኛ በጉምቦ ባለችው ትንሿ የጸሎት ኅብረታችን የደረሰውን፣ ይልቁንም የተሳሳትንበትን ብናወራ ይሻላል ብለን ተስማምተናል። ዓመቱን የምንጠራው እዚህ ሀገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አለበለዚያ ከሽማግሌዎቻችን ጋር ሰባትና ስምንት ዓመት ስንጨምርና ስንቀንስ ሃያው ደቂቃ ያልቃል።

ይህ ንግግር በመጽሔቱ ታትሞ ሀገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችንም ስለሚደርስ፣ ስለ ጉምቦ ጥቂት እንበል። ጉምቦ ከጁባ ከተማ ማዶ፣ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የባሪ ሕዝብ መሬት ናት። ወደ ኡጋንዳ ድንበር፣ ወደ ኒሙሌ የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚጀምረው በእርሷ በኩል ነው። መንገዱ በ2012 አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጁባ የምትበላው ሽንኩርትና ዱቄት፣ የምትገነባበት ሲሚንቶ፣ አብዛኛው በጉምቦ አልፎ ይገባል። በ2022 ደግሞ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ ተከፈተና በአሮጌው ድልድይ ላይ በሰልፍ ቆሞ ፀሐይ መመታት ቀለለን። የከባድ መኪና አቧራ፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ የማንጎ ጥላ፣ ከዚያም የእኛ የቡና ጭስ፤ ጉምቦ ማለት ይህ ነው።

እኛ ወደዚህ የመጣነው ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ነው። ምግብ ቤት የከፈተ አለ፤ የውኃ ቦቴ የሚያሽከረክር አለ፤ ጄኔሬተር የሚጠግን፣ ፀጉር የምትሠራ፣ በየሠፈሩ ሱቅ የያዘ አለ። ኅብረታችን የተጀመረችው በአንድ ወንድማችን ጋራዥ ግቢ፣ ሸራ ወጥረን፣ የዘይት ጣሳ ገልብጠን ተቀምጠን ነው። ስድስት ቀን በቋንቋ ድህነት ስንንተባተብ የምንውል ሰዎች በሰባተኛው ቀን በአማርኛ መጸለይ፣ በአማርኛ ማልቀስ አስፈለገን። በዚህ አናፍርም። ሰው በሰው ሀገር ነፍሱ የምታርፍበት ጥግ ያስፈልገዋል። ዛሬም ቢሆን ያ ጥግ ይፍረስ የሚል ሰው ከመካከላችን የለም።

ስሕተታችን ጥጉን ቤት ብለን መጥራታችን ነው። ጋራዡ ጠበበንና መሬት ተከራይተን የቆርቆሮ አዳራሽ ሠራን። ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ከካምፓላ አስመጣን፤ መዘምራኑን አንድ ዓይነት ልብስ አለበስን። የዓርብ ሌሊት ጸሎታችን እስከ ንጋት ይዘልቃል። «እንዴት ናችሁ?» ለሚለን ሁሉ «አድገናል፣ ጌታ ይመስገን!» እንላለን። እድገትን የምንቆጥረው በወንበር ብዛትና በጸሎቱ ርዝመት ነበር።

አንድ ቀን ከአዳራሹ ጎን የሚኖሩ አንድ የባሪ አዛውንት በትራቸውን ይዘው መጡ። የድምፅ ማጉያው አስቸግሯቸው ነው ብለን ይቅርታ ልንጠይቅ ተነሣን። ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ጁባ ዐረብኛ ስለሚያውቁ አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ አስተረጎመች። ሽማግሌው ያሉት ይህን ነው፤ «ድምፁ አልጠላሁትም። ነገር ግን በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ በራሴ ላይ ሆናችሁ ወደ ራቡና ትጮኻላችሁ። ስለ እኔ ነው የምትነግሩት? ምን እያላችሁ እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ራቡና በጁባ ዐረብኛ እግዚአብሔር ማለት ነው። ልጅቷ ተርጉማ ስትጨርስ ዝም ብለን ተያየን። በዚያች ሌሊት የጸለይነው ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ቪዛ፣ በሀገር ቤት ስላሉ ቤተሰቦቻችን ነበር። ስለ አባባ አንድም ቃል አላልንም። በመሬታቸው ላይ ዓመታት ተቀምጠን ስማቸውን እንኳ አናውቅም ነበር።

ይህ ልብ ነክቶን ነበር ብንላችሁ እውነት ነው፤ ለወጠን ብንል ግን ውሸት ይሆናል። ሻይ አጠጣናቸው፣ ዳቦ ሰጥተን ሸኘናቸው፣ በሚቀጥለው ዓርብ እንደ ቀድሞው ጸለይን።

በዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳም እንዲሁ ነበርን። የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሸሽበት አጥቶ ነበር። እዚሁ ጉምቦ ያሉት የዶን ቦስኮ ካቶሊካውያን መነኮሳት ግቢያቸውን ከፍተው፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ተቀበሉ። በጁላይ 2016 እንደገና ሲታኮስ ሌሎች ተጨመሩ። ግቢው ለዓመታት መጠለያ ሆኖ ቆየ። እኛ ምን አደረግን? አንድ ቅዳሜ ዱቄትና ዘይት ጭነን ሄድን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተመለስን። እነዚያ መነኮሳትም እንደ እኛ የውጭ ሀገር ሰዎች ናቸው። እነርሱ በር ሲከፍቱ እኛ ስጦታ አድርሰን ወጣን። የዚህን ልዩነት ለመረዳት ገና ብዙ ይቀረን ነበር።

ያስተማረን አንድ ወጣት ነው። እርሱ ስሙ እንዲጠራ ስላልፈለገ ወጣቱ እያልን እንቀጥል።

አንድ እሑድ ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ መጣ። አስተናጋጆቻችን በፈገግታ «ሰላም ታኪ! ኢታ ኩዌስ?» ብለው በጁባ ዐረብኛ ተቀበሉት፤ በበሩ አጠገብ ጥበቃው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቋንቋው አይገባውም ብለን፣ ሲሰለቸው በቀላሉ እንዲወጣ አስበን ነው። በሁለተኛው እሑድም መጣ፤ እዚያው ወንበር። በሦስተኛው እሑድ ጸሎት መሪው «ከምእመናን አንድ ሰው ይጸልይልን» ሲል ከበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በአማርኛ እየጸለየ ነው። እኛ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ቀላቅለን ያበላሸነውን አማርኛ አይደለም፤ የጥንት ሰባክያን ይናገሩት የነበረውን፣ ጥርት ያለውን። ጋምቤላ ተወልዶ በመካነ ኢየሱስ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ የአኙዋ ልጅ ነው። ከእኛ ጋር አንድ ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ።

ከአምልኮ በኋላ ከብበን ይቅርታ ጠየቅነው። አልተቆጣም። የተናገረው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደን፤ «ሀገር ቤት አዲስ አበባ ስሄድ ደቡብ ሱዳናዊ ነህ ይሉኛል። እዚህ ስመጣ ደግሞ ጎረቤቶቼ ሐበሻ ይሉኛል። እናንተ ዘንድ ስመጣ ሐበሻ እሆናለሁ ብዬ ነበር።»

ወላጆቹ የት እንዳሉ ስንጠይቀው «ጎሮም» አለ። ከጁባ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የጎሮም ስደተኞች ጣቢያ ስንቶቻችን እናውቃለን? በዲሴምበር 2003 በጋምቤላ ከተማ በአኙዋ ወገኖቻችን ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ድንበር ተሻግረው የሸሹ ቤተሰቦች በዚያ ይኖራሉ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የሱዳኑን ጦርነት የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨምረውበታል። እኛ በጁባ ኢትዮጵያውያን ምን ያህል ነን ብለን ስንቆጥር እነዚያን ሰዎች አንድም ቀን ቆጥረን አናውቅም ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳፍረው ታሪኩን ስናስበው ነው። በ1980ዎቹ የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ከጦርነት ሸሽቶ በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ በብዙ መቶ ሺህ ሲሰፍር፣ እስከ 1991 ድረስ ያስተናገደው የጋምቤላና የአካባቢው ሕዝብ ነው። ዛሬ በጁባ ቢሮ ውስጥ አንድ ባለ ሥልጣን በድንገት «እንደምን አደራችሁ?» ብሎ በአማርኛ ሲያስደነግጠን በደስታ የምንስቀው በዚያ ዘመን በተዘራው ፍሬ ነው። ፍሬውን እንበላለን፤ የዘሪውን ልጅ ግን በር ላይ አስቀመጥነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 6 አጠናን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለት ምግብ እደላ ስለ ተዘነጉ አጉረመረሙ። እኛ ይህን ምዕራፍ ስለ ዲያቆናት ምርጫ ስንሰብክበት ኖረናል። ወጣቱ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «የተመረጡት ሰባቱ ሰዎች ስማቸው የየት ሀገር ስም ነው?» ብሎ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ፤ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። እንዲያውም ኒቆላዎስ ከአንጾኪያ የመጣ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ነው። ሐዋርያት ለተበደሉት «ከእንግዲህ በደንብ እናካፍላችኋለን» አላሉም። ጭልፋውን ራሱን ለእነርሱ ሰጡ። የኢየሩሳሌም ጉባኤ ጉርምርምታውን ያበረደው የማዕዱን ኃላፊነት ለአጉረምራሚዎቹ በመልቀቅ ነው።

እንግዳ መቀበል እኛ ሐበሾች የምንመካበት ነው። እግር እናጥባለን፣ እናጎርሳለን፣ ቡና እስከ በረካ እናጠጣለን። ነገር ግን እንግዳ ሁልጊዜ እንግዳ ሆኖ የሚቀርበት መስተንግዶም አለ። የምታጎርሰውን ሰው በእጁ እንዲበላ አትተወውም፤ ወጥ ቤትህንም አታሳየውም። እኛ እንደዚያ ነበርን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ስለ እድገት ሲጽፍ አካሉ የሚያድገው እያንዳንዱ ብልት ሥራውን ሲሠራ ነው የሚል ሐሳብ አለው። በእኛ አዳራሽ ግን ግማሹ ብልት በር ላይ ተቀምጦ የቀረው ይዘምር ነበር።

ስለዚህ የሒሳቡን ሣጥንና የአዳራሹን ቁልፍ ለሚይዘው ኮሚቴ ወጣቱንና አንዲት የባሪ እናት መረጥን። ይህን ስንል ቀላል አይምሰላችሁ። ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። በመጀመሪያው ስብሰባ የተነገሩ አንዳንድ ቃላት በዚህ መድረክ የሚደገሙ አይደሉም።

ከዚህ የባሰው የቋንቋው ጉዳይ ነበር። የእሑዱ ስብከት ወደ ጁባ ዐረብኛ ይተርጎም የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አንዲት እናታችን ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ «ልጆቼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በገበያ ቢካም? ቢካም? ስባል እውላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ነው ሰው በቋንቋዬ የሚያናግረኝ። እርሷንም ትወስዱብኛላችሁ?» እማማ ያሉት ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ የተናገሩት የወንጌል ስርጭት ጥቅስ አዋቂዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም።

መልስ ባናገኝም የሚረዳን ታሪክ አገኘን። ከእኛ ሠፈር ብዙም በማይርቀው በረጃፍ በ1928 የእንግሊዝ አስተዳደርና ሚሲዮናውያን ጉባኤ አድርገው በደቡቡ ክፍል ትምህርት በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚሰጥ ተወያይተዋል። ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሽሉክ፣ ላቱካና ዛንዴ ተመርጠው የትምህርትና የመጽሐፍ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወሰነ። የቅኝ ገዥዎቹ ሐሳብ ሌላ ስሌት እንደ ነበረው እናውቃለን፤ ዐረብኛንና እስልምናን ከደቡቡ ለማራቅ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ሚሲዮናዊው ባሪኛ ተምሮ በባሪኛ አስተማረ። ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስም እንዲሁ ነው። ክርስትናን በአክሱም ያጸኑት ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ከጢሮስ የመጡ የባዕድ ሀገር ሰው ነበሩ። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሶርያና ከሌላው የሮም ግዛት መጥተው ግዕዝ ተማሩ፣ መጻሕፍትንም በመተርጎም ይታወሳሉ። እነርሱ በአክሱም ዘንድ እኛ በጉምቦ እንዳለነው ስደተኞችና መጻተኞች ነበሩ። በአክሱም ዳር የሶርያ ቋንቋ ጸሎት ቤት ብቻ ሠርተው ቢቀመጡ ኖሮ እኛ ዛሬ ምን እንሆን ነበር?

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። የዓርቡ ጸሎት በአማርኛ ብቻ ይሁን፤ ያ የእማማ ቀን ነው፤ ማንም አይነካውም። እሑድ ግን የጋራ ይሁን፤ ስብከቱ ይተርጎም፣ መዝሙሩ ይደባለቅ። አንዳንድ ቤተሰቦች ግን በዚህ አልረኩም። ወንዙን ተሻግረው ወደ ሌላ የአማርኛ ኅብረት ሄዱ። ከመካከላቸው ጋራዡ ውስጥ ሸራውን አብረውን የወጠሩ አሉ። ዛሬም ስናገኛቸው እንሳሳማለን፤ ነገር ግን መለየታቸው ያመናል፤ እኛም ሁሉን በጥበብ አደረግን አንልም።

ከትርጉሙ ጋር ያልጠበቅነው ደስታ መጣ። አንድ እሑድ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18ን አነበብን። በእኛ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ይናገራል፤ እኛም ስለ እኛ የተጻፈ ነው ብለን እንኮራለን። የደቡብ ሱዳን ክርስቲያኖች ግን ምዕራፉን ልክ እንደ እኛ የራሳቸው ያደርጉታል። ስለ ረጃጅም ሰዎችና ወንዞች ስለሚከፍሉት ሀገር ስለሚናገር፣ በ2011 ነፃነታቸውን ሲያከብሩ ትንቢቱ ተፈጸመ ብለው ሲሰብኩበት ነበር። ዐረብኛው ላይ ኢትዮጵያ የሚል የለም፤ ዕብራይስጡ እንደሚለው ኩሽ ነው የሚለው። «ወስዳችሁብን ኖሯል!» ብለው ሳቁብን። በሚቀጥለው ሳምንት የጃንደረባውን ታሪክ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 አነበብን። አሁን ደግሞ ዐረብኛው መጽሐፍ «ሐበሺ» ብሎ አረፈው! ሁሉም ወደ እኛ ጠቆሙ። እንግዲህ ታሪክ አዋቂዎቹ እንደሚነግሩን ህንደኬ የመርዌ ነገሥታት እናቶችና ንግሥታት የሚጠሩበት ማዕረግ ነው፤ መርዌ ደግሞ ዛሬ በሱዳን ምድር፣ ከካርቱም በስተ ሰሜን በዓባይ ዳር ያለች ፍርስራሽ ናት። አንዱን ምዕራፍ ከእነርሱ ወስደን፣ ሌላውን ከእኛ ሰጥተን፣ ሒሳቡ የተዘጋ መሰለን። በዚያ ቀን የባሪዋ እናት ኪስራ አመጡ፤ እኛም እንጀራ አቀረብን። የማሽላው ኪስራ የእንጀራችን ታናሽ እኅት ነው ብለን ሁሉም ሁለቱን አጣጥሞ በላ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ይህን ክፍል እንናገረው ወይስ እንለፈው ብለን ተከራክረናል።

በኖቬምበር 2020 በሀገራችን ሰሜን ጦርነት ተነሣ። ኅብረታችን ውስጥ አማርኛ ተናጋሪም ትግርኛ ተናጋሪም አለ፤ ከኤርትራ የመጡም አሉ። የዚያን ጊዜ በዓርቡ ጸሎት ምን ብለን እንደ ጸለይን እናስታውሳለን። ቃሉ ሰላም የሚል ነበር፤ ልባችን ግን ድል ይል ነበር። ማን እንዲያሸንፍ እንደምንፈልግ ከአሜን አባባላችን ይታወቅ ነበር። አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ እኅታችን ነበረች፤ መቀሌ ያሉት ወላጆቿ ስልክ ከተቋረጠ ጀምሮ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ለሦስት ሳምንት መጥታ በአራተኛው ቀረች። ሌላዋም ቀረች። ማንም ቤታቸው ሄዶ አልጠየቃቸውም። ሥራ በዝቶብን ነው አልን።

የጠየቀቻቸው ከተፈናቃዮቹ አንዷ የነበረች፣ በ2013ቱ ጦርነት ባሏን ያጣች የደቡብ ሱዳን እኅት ናት። ብሔረሰቧን ሆን ብለን አንጠራም። በትርጉሙ ምክንያት እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ማምለክ ጀምራ ነበር። ቤታቸው ሄዳ አብራቸው አለቀሰች፤ ከዚያም በእሑድ ጉባኤ ፊት ቆማ የነገረችን እንዲህ ነው። «እናንተ አሁን የምትጸልዩትን ጸሎት እኛ በ2013 ጸልየነዋል። በየጸሎት ቤታችን እንደ እናንተ ሰላም እያልን ነበር። ሰላም ስንል የእኛ ወገን ይቅደም ማለታችን እንደ ሆነ ራቡና ያውቅ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ምንም አትለምኑ። የሞቱባችሁን ሰዎች ስም ብቻ እያንዳንዳችሁ ጥሩ፤ ከየትኛውም ወገን ይሁን። የሌላውን ሰው ሟች ስም ሰምታችሁ አሜን ማለት እስክትችሉ ድረስ ሌላ ጸሎት አትጀምሩ።»

ልጆቻችን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ እንቀበላታለን ብለን ያሰብናት ሴት እኛን ተቀበለችን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንግዶቹ እኛ ነበርን፤ በመንፈስም ሕፃናቱ እኛ ነበርን።

እንዳለችው አደረግን። መጀመሪያ ማንም አፉን አልከፈተም። ከዚያ አንድ የቦቴ ሾፌር ወንድማችን ወሎ ውስጥ የሞተ የአጎቱን ልጅ ስም ጠራ። ሌላው የወታደር ወንድሙን። ስም ብቻ ነው፤ የት ሞተ፣ ማን ገደለው የለም። ይህ ለወራት ቀጠለ። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ከቀሩት ሁለት እኅቶች አንደኛዋ ተመልሳ መጣች። ያን ዕለት የአባቷን ስም ጠራች። አሜን አልን፤ አሜን ለማለትም ትንሽ ጊዜ ወሰደብን፤ አልዋሽናችሁም። ሁለተኛዋ አልተመለሰችም። ካምፓላ ነው ያለችው፤ ስልካችንን አታነሣም። መብቷ ነው። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያም ስሞች ይጨመራሉ፤ ያ የስም ጸሎት እስከ ዛሬ አልቆመም።

በፌብሩዋሪ 2023 የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሦስቱም አብረው ወደ ጁባ ሲመጡ፣ በጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ከእኛም ነበርን። ስለ ሰላም ብዙ ተሰበከ። ስንመለስ ግን አውቶቡስ ውስጥ ስናወራ የነበረው ስለዚያች እኅት ነው።

የጊዜ ሰብሳቢው ወረቀት አሳይተውናል፤ እንጨርሳለን። ከመውረዳችን በፊት ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ አለን። ማኅበራችን በለቅሶ ጊዜ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አስከሬን ወደ ሀገር መላክ፣ የታመመን ማሳከም፣ የታሰረን መጠየቅ። በዚህ ሁሉ ስማቸው በመዝገብ ያልገባ ኢትዮጵያውያን በጎሮም አሉ። መዋጮ የሚከፍሉበት አቅም የላቸውም። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት መዋጮ ያልከፈለ አባል አይሆንም። አዲሱ የሥራ አመራር ይህን አንቀጽ እንዲያይልን በዚህ በዓል ፊት በትሕትና እንጠይቃለን። ሀሳቡን ያመጣነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ከኦርቶዶክስ አባቶችና ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር ተነጋግረንበታል፤ አብረው ፈርመዋል።

እስከዚያው ደንቡን ሳንጠብቅ በመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጉምቦ ወደ ጎሮም የሚሄድ አንድ ሚኒባስና አንድ የውኃ ቦቴ ተዘጋጅቷል። ቦቴውን ያቀረበው ወንድማችን የነዳጁን ወጪ ችሏል። በሚኒባሱ ውስጥ ገና ስድስት ወንበር ባዶ ነው። ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ተስማምተናል። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ መዝገቡን የያዘው ያ ጋምቤላዊ ወጣት ነው። በበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዛሬ ግን እዚያ የቆመው እርሱ ራሱ መርጦ ነው።